የማዝዳ ሚያታ ጎሚኒዎች፦ መቼ ይቀየራሉ፣ በምንስ ይተካሉ?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ በአሜሪካ ገበያ ስሟ ሚያታ፣ ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማዎቿ የሚነዷት ትንሽ ስፖርት መኪና ናት። በዋና መሐንዲሱ በቶሺሂኮ ሂራይ የተመራው ቡድን ለዚህች በዋጋ መጠነኛ ለሆነች መኪና የሰጣት ሰስፔንሽን (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ግን በእሽቅድምድም መኪኖች ላይ የተለመደውን፣ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ የላይኛውና አንድ የታችኛው ክንድ ያለውን ዓይነት ነው። መሪዋ ሲነካ ወዲያው መታዘዟና በመታጠፊያ ላይ ጎማዎቿ መንገዱን አጥብቀው መያዛቸው በአመዛኙ የዚህ አሠራር ውጤት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ምርት በ1997 ስላበቃ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታዩት ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ወይም ያንን ያለፈ ነው፤ ከእነሱም መካከል ከፋብሪካ የወጡበትን ጎሚኒ (በክንዶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ትንሽ የጎማ ዕቃ) እስከ አሁን ይዘው የሚሄዱ ጥቂት አይደሉም።

የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች መኪናቸውን ለማሻሻል ሲነሡ መጀመሪያ የሚገዙት ጠንካራ ሞላ፣ አዲስ ሾክ አብዞርበርና ሰፋ ያለ ጎማ ነው። በጋራዥ ጎሚኒ ወይም ቡሽ የሚባለው፣ ክንዶቹን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ዕቃ የሚታወሰው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው፤ በታወሰም ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ ከሁሉ የሚጠነክረው የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉም ጥያቄውም መስተካከል አለባቸው። ያረጀ ጎሚኒ በያዘ መኪና ላይ የሚገጠም ውድ ሾክ አብዞርበር ሥራውን በትክክል ሊሠራ አይችልም፤ ጎሚኒው ራሱ ደግሞ መመረጥ ያለበት በተቀመጠበት ቦታ የትኛውን እንቅስቃሴ መፍቀድ፣ የትኛውን መከልከል እንዳለበት ታይቶ ነው።

ጎሚኒ በውስጡ ምን ይመስላል?

ከፋብሪካ የሚመጣው ጎሚኒ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ በመሐል ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ፣ በውጭ በኩል ወደ ክንዱ ቀዳዳ ተጨምቆ የሚገባ የብረት ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከሁለቱም ብረቶች ጋር በሙቀትና በማጣበቂያ የተዋሐደ ጎማ። ብሎኑ ሲጠብቅ የመሐሉ ቱቦ በሻሲው ሁለት ጆሮዎች መካከል ተጣብቆ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ቱቦው ፈጽሞ አይዞርም። የመኪናው ጎማ ጉድጓድ ላይ ወርዶ ወይም ጉብታ ላይ ወጥቶ ክንዱ ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚዞረው የውጭው ቀለበት ነው፤ በመካከል ያለው ጎማ ተጠማዞ ልዩነቱን ይችላል፤ ክንዱ ሲመለስም አብሮ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ግሪስም አይፈልግም። ብዙ ሰው ጎሚኒን እንደ በር ማጠፊያ አድርጎ ስለሚያስበው ይህንን ሐቅ ይዘነጋል፤ በገጠማ ጊዜ የሚፈጸሙት አብዛኞቹ ስህተቶችም የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ጎማው በሚጠማዘዝበት ጊዜ የመመለስ ኃይል ስላለው፣ እያንዳንዱ ጎሚኒ ከሞላው በተጨማሪ እንደ ትንሽ ሞላ ያገለግላል። ከዚህም ጋር ሦስት የተለያዩ ጥንካሬዎች አሉት። የመጀመሪያው ከመሐሉ ወደ ጎን ሲገፋ የሚያሳየው ነው፤ የመኪናው ጎማ ቦታውን እንዳይለቅ የሚያደርገው ይህ ስለሆነ ከፍ ቢል ይመረጣል። ሁለተኛው በብሎኑ አቅጣጫ ሲገፋ የሚያሳየው ነው። ሦስተኛው ሲጠማዘዝ የሚያሳየው ሲሆን፣ ክንዱ በነፃነት እንዲወጣና እንዲወርድ ይህ ዝቅ ማለት አለበት። ከጎማ የተሠራ አንድ ዕቃ ሦስቱን በአንድ ጊዜ እንደተፈለገው ሊያሟላ ስለማይችል፣ መሐንዲሶች አንዳንድ ጊዜ ጎማው ውስጥ ክፍተት እየተዉ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ጠንካራ ያደርጉታል። እንዲህ ያለውን ጎሚኒ በሚገጥሙበት ጊዜ አቅጣጫውን ማዞር ሥራውን መገልበጥ ነው።

መሐንዲሶች የጎሚኒን ልስላሴ ሆን ብለው የተጠቀሙባቸው መኪኖችም አሉ። በ1977 የቀረበው ፖርሽ 928 የኋላ ሰስፔንሽኑ የተነደፈው አሽከርካሪው በመታጠፊያ መሐል ነዳጅ ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማዎቹ አፍንጫ (የፊት ጠርዛቸው) ወደ ውጭ እንዳይከፈትና መኪናው እንዳይሽከረከር ሆኖ ነው፤ ማዝዳም በ1980ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ሁለተኛ ትውልድ አርኤክስ-7 ላይ የኋላ ጎማዎቹ በመታጠፊያ ጉልበት አቅጣጫቸውን በጥቂቱ እንዲቀይሩ የሚያደርጉ ጎሚኒዎች ገጥሟል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ጎሚኒውን በጠንካራ መተካት የንድፉን አንድ ክፍል አውጥቶ መጣል ነው። አንዳንድ የአርኤክስ-7 ባለቤቶች ይህንን አውቀው ያደርጉታል፣ ምክንያቱም የኋላው ጎማ በራሱ ጊዜ አቅጣጫ ባይቀይር ይመርጣሉ፤ ሳያውቁ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጎማ ሲያረጅ

የተፈጥሮ ጎማ በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅንና ኦዞን፣ በሙቀት፣ እንዲሁም ከሞተር በሚንጠባጠብ ዘይት ይጎዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ የኖረ መኪና ጎሚኒው ደርቆና ተሰነጣጥቆ መገኘቱ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ያለው መኪና ደግሞ የፊት ጎሚኒው አብጦና ላልቶ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ያረጀውን ጎሚኒ ከክንዱ አውጥተው በእጅ ሲይዙት የመሐሉ ቱቦ በአንድ በኩል አዘንብሎ ይታያል፤ በዳርና በዳሩ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ይዞራል፤ ጣት ሲያሹበት ጥቁር ዱቄት ይወጣዋል፤ ጠምዘዝ አድርገው ሲጫኑት ደግሞ ጎማው ከብረቱ የተላቀቀበት ቦታ እንደ ከንፈር ይከፈታል። እንዲህ የሆነ ጎሚኒ መንቀሳቀስ በማይገባው አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል።

ጉዳቱን በቁጥር ለማየት ያህል፣ የአንድ የታችኛው ክንድ ሁለቱ የውስጥ ጎሚኒዎች በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አለ እንበል። አንደኛው በቦታው ጸንቶ ሌላው በፍሬን ወይም በመታጠፊያ ጉልበት 2 ሚሊ ሜትር ቢያፈገፍግ፣ ክንዱ ወደ 0.4 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ በሚለካበት በአላይመንት ማሽን ላይ ባለሙያው የሚያስተካክለው በዲግሪ አሥረኛዎች ስለሆነ፣ ማሽኑ ላይ ቆሞ የተለካው ልክ መኪናው ሲንቀሳቀስ የለም ማለት ነው። ይህ ከፊት ሲሆን አሽከርካሪው መሪው እንደላላና መኪናው ወደ ጎን እንደሚቅበዘበዝ ይሰማዋል። ከኋላ ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል፤ የኋላ ጎማ አፍንጫው ወደ ውጭ በተከፈተ ቁጥር መኪናዋ ከጀርባዋ መሪ እንደተያዘች ትሆናለች፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች የታወቁ ናቸው፦ ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲለቀቅ አንድ ጊዜ የሚሰማ ኳ የሚል ድምፅ፣ የጎማ አንድ ወገን ብቻ መበላት፣ ተስተካክሎ ብዙም ሳይቆይ የሚዛባ አላይመንት። ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ ረጅም የብረት ዘንግ በክንዱና በሻሲው መካከል አስገብቶ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ደኅነኛ ጎሚኒ በጥቂቱ ሰጥቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ያለቀው ያለ ተቃውሞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል።

በምን ይተካ?

የመጀመሪያው ምርጫ እንደ ፋብሪካው ያለ አዲስ የጎማ ጎሚኒ ነው። ማሻሻያ የሚለው ቃል ሲነሣ ይህ ምርጫ የሚናቅ ቢሆንም፣ ሠላሳ ዓመት ያገለገለው ወጥቶ አዲስ የገባላት መኪና ያላት ለውጥ ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ ብዙ ሰው መኪናዋ ስትሠራ ምን እንደነበረች ስለማያውቅ ለውጡን ከጠንካራ ዕቃ ብቻ ይጠብቃል። ከዚህ ቀጥሎ ለእሽቅድምድም ተብሎ ከጠንከር ያለ ጎማ የሚሠራ፣ አሠራሩ ግን ከመጀመሪያው የማይለይ ጎሚኒ አለ፤ ማዝዳ ራሱም ለዚች መኪና አቅርቦታል። ይህ ዓይነቱ ግሪስ አይፈልግም፣ አይጮህም፣ የጎማው ቦታ መንሸራተት ግን ይቀንሳል። ዋጋው ከፍ ስለሚልና ለመግጠምም ፕሬስ (በኃይል የሚጨምቅ መሣሪያ) ስለሚጠይቅ ብዙዎች ያልፉታል እንጂ፣ በየቀኑ ለምትነዳና አልፎ አልፎ ትራክ (የእሽቅድምድም ሜዳ) ላይ ለምትወጣ መኪና ከሁሉ የተሻለው ሚዛን ይህ ይመስለኛል።

በገበያ ላይ በስፋት የሚገኘው ግን ፖሊዩረቴን ነው። ይህ በ1937 በጀርመን በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ የተገኘ የፕላስቲክ ቤተሰብ ሲሆን፣ እንደ አሠራሩ ከስፖንጅ ፍራሽ እስከ ጠንካራ የጫማ ሶል ድረስ ይሆናል። የጥንካሬው መለኪያ ሾር ኤ የተባለው ሚዛን ነው፤ በመንገድ መኪና ላይ ያለ የጎማ ጎሚኒ በአብዛኛው ከ50 እስከ 70 ሲሆን፣ የፖሊዩረቴኑ ከ80 እስከ 95 ይደርሳል። ቁጥሩ የሚለካው የቁሱን ገጽ ጥንካሬ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ያው ቁጥር ያላቸው ሁለት ጎሚኒዎች በቅርጻቸውና በውፍረታቸው ምክንያት መኪናው ላይ ፍጹም የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ከጥንካሬው የሚበልጠው ልዩነት ፖሊዩረቴኑ ከብረቱ ጋር ያልተዋሐደ መሆኑ ነው። የመሐሉ ቱቦ በፕላስቲኩ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የሚጠማዘዝ ነገር የለም፣ እንደ ሞላ የመመለስ ኃይልም አይኖረውም። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ክንዱ በነፃነት ይሄዳል፣ ሥራውም ለሞላውና ለሾክ አብዞርበሩ ብቻ ይቀራል። ነገር ግን የሚንሸራተት ነገር ሁሉ ቅባት ይፈልጋል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ወይም ውኃ ሲያጥበው ጎሚኒው ይጮኻል፣ ከዚያም ይይዛል፣ በመጨረሻም ይበላል። ስለሆነም የሚቀባው አምራቹ ያዘዘው፣ ወፍራምና በውኃ የማይታጠብ ግሪስ መሆን አለበት። አንዳንድ ባለሙያዎች ክንዱን ሰርስረው የግሪስ መሙያ አፍ ይገጥሙበታል፣ በፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይም ግሪሱ የሚዳረስበት ቦይ ይቆርጣሉ፤ ይህ ክንዱን ሳይፈታ በየጊዜው ግሪስ መጨመር ስለሚያስችል፣ በፖሊዩረቴን ላይ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል። ቀዳዳው ግን ብየዳ ካለበትና ብረቱ ብዙ ጉልበት ከሚሸከምበት ቦታ መራቅ አለበት።

ሁለተኛው ልዩነት ለምርጫው ወሳኝ ነው። ጎማ በየትኛውም አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ ፖሊዩረቴን ግን በአንድ መስመር ዙሪያ ብቻ በደንብ ይዞራል፤ ከዚያ መስመር ውጭ እንዲያጋድል ሲጠየቅ ይይዛል። የሚያታ የፊት ክንዶች ለዚህ ይመቻሉ፤ የእያንዳንዱ ክንድ ሁለት የውስጥ ጎሚኒዎች በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑና በውጭ በኩል ያለውን ውስብስብ እንቅስቃሴ ቦል ጆይንት (በየአቅጣጫው የሚዞር ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ስለሚሸከመው፣ ጎሚኒው ከመዞር በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። ከኋላ ግን ጎማው መሪ ስለማይታዘዝ ቦል ጆይንት የለም፤ የጎማውን ማቀፊያ ከላይም ከታችም የያዙት ጎሚኒዎች ናቸው። የላይኛውና የታችኛው ክንድ የሚዞሩባቸው መስመሮች ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ ክንዶቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚፈጠረውን ጥቂት መጋደል የሚችለው የጎሚኒው ልስላሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኋላ፣ በተለይ በውጭ በኩል ባሉት ላይ፣ ቁሱ እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ገጣሚው ክንዱ በሙሉ እንቅስቃሴው ውስጥ እንደማይዝ እየፈተሸ መሄድ አለበት። ይህ ግምት ከ2005 ጀምሮ ለተሠራው ሦስተኛ ትውልድ ይበልጥ ይሠራል፤ በዚያ መኪና ላይ የኋላው ሰስፔንሽን ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ያሉት ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ትውልድ የሚሰጠውን ምክር እንዳለ ወስዶ እሱ ላይ መጠቀም ትክክል አይደለም።

ከፖሊዩረቴን በላይ የሚጠነክረው፣ የአሜሪካው ዱፖንት ባወጣለት የንግድ ስም ዴልሪን እየተባለ የሚጠራው ፕላስቲክ ነው። በቶርኖ በሚገባ ይሠራል፣ በብረት ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ በጉልበት ግን እምብዛም አይሟሽሽም። እጅግ ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል፤ ትንሽ ከጠበበ ይይዛል፣ ትንሽ ከሰፋ ይንኳኳል። ከሁሉ በላይ ያለው ደግሞ ከብረት የተሠራው፣ ኳስ በቀለበት ውስጥ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ በየአቅጣጫው ይዞራል፣ ምንም አይሰጥም፣ ስለዚህ ለእሽቅድምድም መኪና ከእሱ የሚሻል የለም። በሕዝብ መንገድ ላይ ግን አቧራና ውኃ ቶሎ ያበላሹታል፣ የመንገዱንም ድምፅና ንዝረት ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሁለቱም ትራክ ላይ ብቻ ለምትነዳ መኪና እንጂ ለሌላ አይገቡም።

መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ እንዳታጋድል የሚይዛት የስታብላይዘር ዘንጉ ጎሚኒዎች ከእነዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። ዘንጉን ከሻሲው ጋር የሚይዙት እነዚህ የተሰነጠቁ ጎማዎች በሁለት ብሎን ይፈታሉ፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ በፖሊዩረቴን ሲተኩም መኪናዋ በመታጠፊያ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ትጸናለች፤ ከግሪስ በቀር የሚጠይቁት ነገር የለም።

ሥራው

የሚያታ ጎሚኒ መቀየር ጊዜ የሚወስደው ብዛቱ ስላለ ነው፤ ከሻሲው ጋር የሚገናኙት ብቻ 16 ናቸው፣ ከኋላ በውጭ በኩል ያሉት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የኋላውን የታችኛውን ክንድ ከጎማው ማቀፊያ ጋር የሚያያይዘው ረጅም ብሎን ነው። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው፣ ለምሳሌ እንደ ሚኒሶታ ባሉ የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳ በቆየ መኪና ላይ፣ ይህ ብሎን ከጎሚኒው የመሐል ቱቦ ጋር በዝገት አንድ ብረት ሆኖ ይገኛል። ዳዶው ይፈታል፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም። የዝገት መፍቻ ዘይት ከቀናት በፊት ጀምሮ እየደጋገሙ ማርጠብ ይረዳል፤ ካልሆነም ብሎኑን ቆርጦ ማውጣት የመጨረሻው መንገድ ስለሆነ አዲስ ብሎን አስቀድሞ መግዛት ብልህነት ነው። በታችኞቹ ክንዶች የውስጥ ጫፍ ያሉት፣ በመዞር አላይመንት የሚስተካከልባቸው ባለ ጉብታ ሮንዴላ ብሎኖችም እንዲሁ ይዝጋሉ፤ አላይመንት ቤት ሄደው “አይስተካከልም” ተብለው የሚመለሱ ባለቤቶች ችግራቸው በአብዛኛው ይህ ነው። ከመፍታት በፊት እነዚህ ሮንዴላዎች የቆሙበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ መኪናዋ ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ እስከ አላይመንት ቤት በደኅና እንድትደርስ ያደርጋል።

አሮጌውን ጎሚኒ ከክንዱ ለማውጣት ትክክለኛው መሣሪያ ፕሬስ ነው። ፕሬስ የሌለው ጎማውን በመሰርሰሪያ እየበሳ ቱቦውን ካወጣ በኋላ፣ በክንዱ ውስጥ የቀረውን የብረት ቀለበት በሴጌቶ በጥንቃቄ ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ማጠፍ ይችላል፤ መጋዙ ቀለበቱን አልፎ ክንዱን እንዳይነካ በየጊዜው ቆም እያሉ ማየት ያስፈልጋል። ጎማውን በእሳት አቃጥሎ ማውጣት በየጋራዡ ይታያል፤ ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ነው፣ ፖሊዩረቴን ሲቃጠል የሚወጣው ደግሞ መርዝ ነው፣ ስለዚህ ይህ መንገድ መተው አለበት። አንዳንድ የፖሊዩረቴን ዕቃ የድሮው የብረት ቀለበት በቦታው እንዲቆይ የሚፈልግ በመሆኑ ቀለበቱ ከመቆረጡ በፊት የአምራቹ መመሪያ መነበብ አለበት።

ፖሊዩረቴን ሲገጠም ፕሬስ አያስፈልግም፤ በሞርሳ ይገባል። የሚፈተሸው ነገር የመሐሉ ቱቦ ከፕላስቲኩ በጥቂቱ ረዝሞ መውጣቱ ነው። ቱቦው ካጠረ ብሎኑ ሲጠብቅ የሻሲው ጆሮዎች የሚጫኑት ፕላስቲኩን ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክንዱ ይይዛል። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ከመግባታቸው በፊት ክንዱን በእጅ አንሥቶ መልቀቅ ጥሩ ፈተና ነው፤ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ባለበት ተንጠልጥሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ይዟል፣ በዚያ ሁኔታ መኪናውን መግጠም አይገባም።

በጎማ ጎሚኒ ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ቀደም ሲል እንደተገለጸው ብሎኑ ሲጠብቅ የመሐሉ ቱቦ ባለበት ይቆማል፤ ያ ቅጽበት የጎሚኒው ጎማ ሳይጠማዘዝ የሚያርፍበትን ቦታ ይወስናል። መኪናዋ በመቆሚያ ላይ ሆና ጎማዎቿ ተንጠልጥለው ሳለ ብሎኖቹ ቢጠብቁ፣ ጎሚኒው የተንጠለጠለውን ቦታ ማረፊያው ያደርገዋል። ክንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ጎማው ከመደበኛው 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል፣ ክንዱ ወደ 15 ዲግሪ ያህል ዞሯል ማለት ነው፤ መኪናዋ መሬት ስትነካ እያንዳንዱ ጎሚኒ 15 ዲግሪ ተጠማዞ ይቆማል፣ ቆማ ስታድርም ተጠማዞ ያድራል። ጉብታ ሲመጣ በዚያ ላይ ይጨመርበታል። ውጤቱ መኪናዋ ከልኳ ከፍ ብላ መቆሟ፣ መንገዱን ሻካራ ማድረጓና አዲሱ ጎሚኒ በአጭር ጊዜ መቀደዱ ነው። “አዲስ ገጠምኩ፣ ዓመት አልቆየም” የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው የዕቃው ጥራት ሳይሆን ይህ ነው።

መፍትሔው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለክቶ መጻፍ ነው። ገጠማው ሲያልቅ ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ይያዛሉ፤ ከዚያ ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ሥር አድርጎ ያ የተጻፈው ርቀት እስኪመለስ ማንሣት፣ በዚያው ቁመት ላይ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ መፍቻ) በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ ማጥበቅ ነው። ክሪኩ የመኪናዋን አካል ከመቆሚያው ማንሣት ከጀመረ ሥራው መቆም አለበት፤ የዚህ ጊዜ መኪናዋን በጎማዎቿ መወጣጫ ላይ አውጥቶ ከሥር ማጥበቁ ይሻላል። ሞላውን በአጭር የቀየረ ሰው ደግሞ ጎሚኒውን ባይቀይርም እንኳ እነዚህን ብሎኖች ሁሉ አላልቶ በአዲሱ ቁመት ላይ እንደገና ማጥበቅ አለበት። ፖሊዩረቴን ስለማይጠማዘዝ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ከእውነተኛ ጥቅሞቹ አንዱም ይህ ነው። ብሎኖቹ ሲገቡ ለስላሳው አካላቸው ላይ ዝገት የሚከላከል ቅባት መቀባት ለሚቀጥለው ባለሙያ ትልቅ ውለታ ነው፤ ቅባቱ ጥርሱ ላይ ከተነካ ግን የቶርኩን ልክ ስለሚያዛባ ከዚያ መራቅ አለበት።

ዝቅ የተደረጉ መኪኖች ባለቤቶች የሚጠይቁት ሌላ ማሻሻያ ቀዳዳው ከመሐል ፈቀቅ ብሎ የተሠራ ጎሚኒ ነው። በላይኛው የፊት ክንድ ላይ ሲገጠም የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ስለሚወስደው፣ የታችኞቹ ብሎኖች የማስተካከያ አቅማቸው ሲያልቅ ተጨማሪ ካምበር (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) ይሰጣል። ለትራክ የሚጠቅም ነገር ነው፤ በመንገድ ላይ ለምትውል መኪና ግን በታችኞቹ ብሎኖች የሚገኘው ይበቃል። ብዙዎች ለመንገድ የሚመርጡት ከፊት 1 ዲግሪ፣ ከኋላ 1.5 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ካምበር ሲሆን፣ የኋላ ጎማዎች አፍንጫ ለጥቂት ወደ ውስጥ መዝጋቱ መኪናዋን ያረጋጋታል።

ምርጫውን በተመለከተ እኔ ለሥራና ለሽርሽር ለምትነዳ ሚያታ አራቱንም ማዕዘን በአንድ ጊዜ በአዲስ የጎማ ጎሚኒ፣ ስታብላይዘሩን ደግሞ በፖሊዩረቴን ብትቀየር እመርጣለሁ። ገንዘቡ ለግማሽ ብቻ ከበቃ ከኋላ መጀመር ይሻላል፤ የጸና ፊት ከላላ ኋላ ጋር ሲገናኝ መኪናዋ መሪውን ቶሎ ትታዘዝና ጀርባዋ ዘግይቶ ይከተላታል፣ ያም በፍጥነት ላይ አሽከርካሪውን ያስደነግጣል። ወደ ትራክ አዘውትራ ለምትወጣ መኪና ከፊት ፖሊዩረቴን ከግሪስ መሙያ ጋር፣ ከኋላ ደግሞ ጠንከር ያለው የማዝዳ ጎማ አብረው በደንብ ይሄዳሉ። የትኛውም ቢመረጥ አላይመንቱ በዚያው ሳምንት መሠራት አለበት፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ጎሚኒዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች አንድ ጊዜ ዳግም መፈተሽ፣ አላይመንቱም ያልተዛባ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።